መገጣጠሚያ ከማበጡ በፊት የሚመሰክር ደም፦ የሩማቶይድ አርትራይተስ የደም ምርመራዎች ታሪክ

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት የራሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ መገጣጠሚያዎችን ከውስጥ የሚያለብሰውን ስስ ሽፋን የሚያጠቃበት፣ ሽፋኑም በብግነት፣ ማለትም በእብጠት፣ በሙቀትና በሕመም፣ እየወፈረ ሄዶ አጠገቡ ያለውን ልም አጥንትና አጥንት የሚቦረቡርበት ሥር የሰደደ በሽታ ነው። ሕመሙ የሚሰማው በጣቶች፣ በእጅ አንጓ፣ በጉልበትና በእግር መገጣጠሚያዎች ላይ ቢሆንም፣ ሐኪሞች ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የበሽታውን ማስረጃ ሲፈልጉ የኖሩት በደም ውስጥ ነው። ዛሬ በላብራቶሪ የውጤት ወረቀት ላይ ተደርድረው ከሚታዩት ምርመራዎች አንዳንዶቹ የተገኙት ግን ይህን በሽታ ሲመረምሩ በነበሩ ሰዎች ሳይሆን የሳንባ ምችን፣ የሳንባ ነቀርሳን ወይም እርግዝናን ሲከታተሉ በነበሩ ሰዎች ነው። እያንዳንዱ ግኝት በሽታውን ለመለየት ከመርዳት አልፎ በሽታው ምን እንደሆነና ከመቼ እንደሚጀምር የነበረውን አስተሳሰብ እየለወጠ ሄዷል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1800 ፈረንሳዊው ሐኪም ኦጉስተን ላንድሬ-ቦቬ በፓሪሱ የሳልፔትሪየር ሆስፒታል ያያቸውን ዘጠኝ ሴቶች መሠረት አድርጎ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከተለመደው ሪህ የሚለይ፣ ብዙ መገጣጠሚያዎችን የሚይዝና በአብዛኛው ሴቶችን የሚያጠቃ በሽታ መኖሩን ገለጸ። ይሁን እንጂ ለበሽታው የሰጠው ስም የሪህ ዓይነት አድርጎ የሚቆጥር ስለነበር ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ጥላ ሥር እንደ ተደባለቁ ቆዩ። በዚያ ዘመን ሐኪሙ የሚተማመነው በዓይኑና በእጁ ነበር፤ ያበጠና የሚያቃጥል መገጣጠሚያ ደግሞ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ከላይ ሲታይ ይመሳሰላል።

ይህን መደባለቅ በደም ለመለየት የመጀመሪያውን እርምጃ የወሰደው እንግሊዛዊው አልፍሬድ ቤሪንግ ጋሮድ ነው። ጋሮድ በ1848 በሪህ በሽተኞች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ የተባለው፣ በሽንት መወገድ የሚገባው ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ መከማቸቱን አሳየ፤ በ1854 ደግሞ ማንኛውም ሐኪም ሊሠራው የሚችል የክር ምርመራ አቀረበ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ቢጫማ ፈሳሽ፣ ማለትም ሴረም፣ ጠፍጣፋ በሆነ የመስታወት ሳህን ላይ ይደረጋል፤ ጥቂት የኮምጣጤ አሲድ ይጨመርበታል፤ ከጨርቅ የተመዘዘ አጭር ክር በውስጡ ይነከርና ሁለት ቀን ያህል ሳይነካ ይቀመጣል። ሰውየው ሪህ ካለበት የዩሪክ አሲድ ጥቃቅን ብልጭልጭ ቅንጣቶች በክሩ ላይ ይሰፍራሉ፤ ከሌለበት ክሩ እንደ ነበረ ይወጣል። ጋሮድ በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ክሩ ባዶውን የሚወጣባቸውን ነገር ግን መገጣጠሚያቸው የሚያብጥባቸውን በሽተኞች ለይቶ ሕመማቸውን ሩማቶይድ አርትራይተስ ብሎ ሰየመው። ስለዚህ በሽታው ራሱን ችሎ ሲቆም የተለየው በደሙ ውስጥ በተገኘ ነገር ሳይሆን በታጣ ነገር ነበር፤ የራሱ የሆነ ምልክት እስኪገኝለትም ገና ብዙ ዓሥርት ዓመታት ቀርተውት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ግኝት በሽታውን የሚለይ ሳይሆን የብግነቱን መጠን የሚለካ ነው። ፖላንዳዊው ኤድመንድ ቢየርናትስኪ በ1897 እንዳይረጋ የተደረገ ደም በቱቦ ሲቀመጥ ቀይ የደም ሴሎች ወደ ታች የሚዘቅጡበት ፍጥነት ከሰው ሰው እንደሚለያይና ትኩሳት ባለባቸው ሕመሞች እንደሚጨምር ጻፈ። ጽሑፉ ብዙም ሳይነበብ ቀርቶ፣ በ1918 ስዊድናዊው ሮቢን ፎሬውስ የነፍሰ ጡር ሴቶች ደም ፈጥኖ እንደሚዘቅጥ አስተዋለ፤ ነገሩ የእርግዝና መለያ ይሆናል ብሎ ቢያስብም ብዙ ሕመሞችም ያንኑ እንደሚያደርጉ ተረዳ። የአገሩ ልጅ አልፍ ቬስተርግሬን በበኩሉ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞችን ሲከታተል በ1921 ዛሬም በስሙ የሚጠራውን የመለኪያ ዘዴ አወጣ። በዚህ ዘዴ አራት እጅ ደም ከአንድ እጅ የሶዲየም ሲትሬት ብጥብጥ ጋር ተቀላቅሎ ከ0 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ወደ ተሠመረበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ይሳባል፤ ቱቦው ሳያዘነብል በመቆሚያው ላይ ይተከላል፤ ልክ አንድ ሰዓት ሲሞላ ሴሎቹ ዘቅጠው ከላይ የቀረው የጠራ ፈሳሽ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይነበባል።

የዚህ ምርመራ ምሥጢር ያለው በሴሎቹ ሳይሆን በሚዋኙበት ፈሳሽ ነው። ቀይ የደም ሴሎች ላያቸው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ብግነት ሲኖር ግን ጉበት ፋይብሪኖጅን የተባለውን፣ ደም ሲረጋ ክር የሚሠራውን ፕሮቲን አብዝቶ ያመርታል፤ ፋይብሪኖጅኑ ያንን መገፋፋት ስለሚያዳክም ሴሎቹ በመሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ በላይ በላዩ ተደራርበው፣ ክብደታቸውም ጨምሮ ፈጥነው ይወርዳሉ። ይህ ስለሆነ ውጤቱ ብግነት መኖሩን እንጂ ብግነቱ ከየት እንደ መጣ አይናገርም፤ ዕድሜ፣ እርግዝናና የደም ማነስም ያንኑ ቁጥር ከፍ ያደርጉታል። ቢሆንም ርካሽና ቀላል በመሆኑ በመላው ዓለም ተስፋፍቶ፣ በሐኪሞች አፍ ኢ.ኤስ.አር እየተባለ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሁለተኛው የብግነት መለኪያ የተገኘው በኒውዮርክ የሮክፌለር ተቋም ውስጥ፣ በኦስዋልድ ኤቨሪ ላብራቶሪ ነው። በ1930 ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የሳንባ ምች የሚያስከትለውን ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ሲያጠኑ፣ ከባክቴሪያው ግድግዳ ካወጧቸው ክፍልፋዮች አንዱ፣ እነርሱ ሲ ብለው የሰየሙት፣ ሕመሙ ከጸናበት ሰው ሴረም ጋር ሲቀላቀል ደመና መስሎ እንደሚዘቅጥ፣ በሽተኛው ሲድን ግን ይህ ሁኔታ እንደሚጠፋ አዩ። ይህ ከተለመደው የተለየ ነበር፤ በበሽታ ላይ የሚመረቱ ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም የመከላከያ ሥርዓቱ ባዕድ ነገርን ለይተው እንዲይዙለት የሚሠራቸው ፕሮቲኖች፣ ከሕመም በኋላ ይበዛሉ እንጂ አይጠፉም። ቆይቶም ይኸው ነገር ኒሞኮከስ ፈጽሞ በሌለባቸው ሌሎች ብግነቶችም ስለ ታየ፣ ፀረ እንግዳ አካል ሳይሆን ጉበት በአስቸኳይ ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ፤ ስሙም ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን፣ በአጭሩ ሲ.አር.ፒ፣ ሆኖ ጸና። ሲ.አር.ፒ ብግነት በተነሣ በሰዓታት ውስጥ መጨመር ይጀምራል፣ ሁለት ቀን ገደማ ሲሆነው ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ ምክንያቱ ሲወገድም በየ19 ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ ይወርዳል፤ ኢ.ኤስ.አር ግን ለመውጣትም ለመውረድም ቀናትና ሳምንታት ይፈጃል።

እነዚህ ሁለት መለኪያዎች ለሩማቶይድ አርትራይተስ ያስገኙት ትልቁ ጥቅም ሕክምናን በቁጥር መከታተል ነው። በ1948 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹ ኮርቲዞን የተባለውን ሆርሞን ለበሽተኞች ሲሰጡ፣ አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች በቀናት ውስጥ መራመድ መጀመራቸው ብቻ ሳይሆን የደማቸው የመዝቀጥ ፍጥነትም መቀነሱ ለመድኃኒቱ ኃይል ሁለተኛ ምስክር ሆነ፤ ሄንች በ1950 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ነበር። መድኃኒቱ ሲቆም ሕመሙም ቁጥሩም ተመልሰው መውጣታቸው ደግሞ ብግነቱ ታፈነ እንጂ ሥሩ እንዳልተነካ አመለከተ። ብግነት ምን ያህል እንደሆነ መለካት ተችሏል፤ ብግነቱን የቀሰቀሰው ማን እንደሆነ ግን ሁለቱም ቁጥሮች የሚሉት አልነበራቸውም።

የዚህ ጥያቄ መልስ በኦስሎ መታየት የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር። ኖርዌያዊው ኤሪክ ቮለር በ1937 በዘመኑ የተለመደውን፣ የበግ ቀይ የደም ሴሎች የሚገቡበትን የሴረም ምርመራ ሲሠራ፣ የአንድ የሩማቶይድ አርትራይተስ በሽተኛ ሴረም ያልተጠበቀ ነገር አደረገ፤ ሴሎቹ ሟሙተው ፈሳሹን እንደማቅላት ወይም ዝም ብለው እንደመዝቀጥ በቱቦው ውስጥ ተያይዘው ጓጎሉ። ቮለር ነገሩን በስሕተት ቆጥሮ ሴረሙን ከመድፋት ይልቅ ምክንያቱን መፈለግ ያዘ። ሴሎቹ አስቀድመው ከጥንቸል በተወሰደ ፀረ እንግዳ አካል ካልተለበዱ አይጓጉሉም ነበር፤ ስለዚህ የበሽተኛው ሴረም የሚይዘው የበጉን ሴል ሳይሆን በሴሉ ላይ የተለጠፈውን ፀረ እንግዳ አካል እንደሆነ ግልጽ ሆነ። ቮለር ጽሑፉን ያሳተመው በ1940፣ ኖርዌይ በጀርመን ጦር በተያዘችበት ዓመት በመሆኑ የተመለከተው ሰው ጥቂት ነበር።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ በኒውዮርክ ሃሪ ሮዝ፣ ቻርልስ ራጋንና ባልደረቦቻቸው ያንኑ ክስተት በራሳቸው መንገድ አግኝተው አሳተሙ፤ ምርመራውም የሁለቱን ወገን ስም ይዞ የቮለር-ሮዝ ምርመራ ተባለ። በዚህ ምርመራ ሴረሙ በተከታታይ ቱቦዎች በእጥፍ በእጥፍ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ሴሎቹን ማጓጎል የቻለው የመጨረሻው ቱቦ ቅጥነት የምልክቱን ብርታት ያሳያል። በሴረሙ ውስጥ ያለው ነገርም ሩማቶይድ ፋክተር የሚል ስም አገኘ። በ1956 ዣክ ሲንገርና ቻርልስ ፕሎትዝ የበጉን ሴል በላቴክስ፣ ማለትም እንደ ጎማ ባለ ሠራሽ ነገር ጥቃቅን እንክብሎች ተክተው እንክብሎቹን በሰው ፀረ እንግዳ አካል ለበዷቸው፤ ከዚያ ወዲህ በግ ማርባትና ጥንቸል መከተብ ሳያስፈልግ፣ ነጭ ወተት የመሰለው ብጥብጥ ከአንድ ጠብታ ሴረም ጋር ሲነካካ ጥራጥሬ ማውጣቱን ወይም እንደ ነበረ መቅረቱን በማየት ብቻ ውጤት መስጠት ተቻለ።

ሩማቶይድ ፋክተር ምን እንደሆነ የተረጋገጠው በ1957 ሄንሪ ኩንክል በሚመራው የሮክፌለር ቡድን ነው። ቡድኑ የበሽተኞችን ሴረም ፕሮቲኖችን በክብደታቸው በሚለይ እጅግ ፈጣን የማሽከርከሪያ መሣሪያ ሲመረምር፣ በጤናማ ሰው ደም የማይገኝ ከባድ ጥምረት አየ፤ ጥምረቱም አንድ ትልቅ ፀረ እንግዳ አካል የራሱን ሰውነት ሌሎች ፀረ እንግዳ አካላት እንደ ያዘ የሚገኝበት ነበር። ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ሰውነት ራሱን ከማጥቃት በተፈጥሮው ይሸሻል ብሎ ያስተማረው ትምህርት ለረጅም ጊዜ የሳይንቲስቶችን አስተሳሰብ ገዝቶ ቆይቷል፤ እዚህ ግን የመከላከያ ሥርዓቱ በራሱ መሣሪያ ላይ መሣሪያ ማንሣቱ በዓይን ታየ። ከዚህ በኋላ ሩማቶይድ አርትራይተስን ከተሸሸገ ጀርም ይልቅ ከራሱ ከመከላከያ ሥርዓቱ መሳት ጋር ማያያዝ እየገነነ ሄደ።

ምልክቱ ግን ጉድለት ነበረበት። ከበሽተኞቹ ከአሥር ሰባት በሚሆኑት ደም ውስጥ ቢገኝም ሌሎቹ የላቸውም፤ በአንጻሩ ደግሞ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ለረጅም ጊዜ የመከላከያ ሥርዓቱን ሲቀሰቅስ ሩማቶይድ ፋክተር ይታያል። በሄፓታይተስ ሲ፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በወባ፣ በልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን፣ እንዲሁም በመተማና በሑመራ ቆላ በሚገኘው ካላዛር ውጤቱ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ምንም ሕመም በሌላቸው አረጋውያን ላይም ይታያል። ስለዚህ እነዚህ በሽታዎች በሚበዙበት አገር የሚሠራ ሐኪም ጉልበቱን ላመመው ሰው በላቴክስ ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት ሲመጣለት ወረቀቱን ብቻ ይዞ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው ማለት አይችልም።

ከዚህ የበለጠ ለበሽታው የቀረበ ምልክት ፍንጭ የተገኘው በ1964 ሲሆን፣ ሆላንዳውያኑ ኒንሃውስና ማንደማ ከሰው ጉንጭ ውስጠኛ ቆዳ በተፋቁ ሴሎች ላይ የበሽተኞችን ሴረም ሲያፈሱ፣ በሴሉ አስኳል ዙሪያ ያሉ ቅንጣቶችን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ። በ1979 ደግሞ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአይጥ ጉሮሮ ቧንቧ ላይ ባለው የቀንድ መሰል ሽፋን ላይ የሚለጠፍ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ዘገቡ። ሁለቱም ከሩማቶይድ ፋክተር ይልቅ በዚህ በሽታ ላይ ብቻ የሚታዩ ነበሩ። ነገር ግን የጉንጩ ሴል ተስማሚ ሆኖ የሚገኘው ከጥቂት ለጋሾች ብቻ ስለነበር፣ በአጉሊ መነጽር የሚታየውን ብርሃን ማንበብም ብዙ ልምድ ስለሚጠይቅ፣ ምርመራዎቹ ከጥቂት ላብራቶሪዎች ሳይወጡ ብዙ ዓመታት አለፉ።

በ1990ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይ ቱሉዝ የጊ ሴር ቡድን ሁለቱ ፀረ እንግዳ አካላት በእውነቱ አንድ ዓይነት እንደሆኑና የሚይዙትም ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን እንደሆነ አሳየ። ይህ መልስ አዲስ ግራ መጋባት አመጣ፤ ፊላግሪን በመገጣጠሚያ ውስጥ የለም፤ በላብራቶሪ በባክቴሪያ አማካይነት የተመረተው ፊላግሪን ደግሞ በበሽተኞቹ ሴረም አይያዝም ነበር። እንቆቅልሹን በ1998 የፈታው በሆላንድ ናይሜኸን የዋልተር ቫን ቬንሮይ ቡድን ነው። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጡቦች ሰንሰለት ሲሆን፣ ሰውነት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ካልሲየም ሲያገኝ ከእነዚህ መካከል አርጂኒን የተባለውን ወደ ሲትሩሊን ይለውጠዋል፤ ለውጡ በክብደት እዚህ ግባ የማይባል ቢሆንም አርጂኒን የነበረው አዎንታዊ ሙል ይጠፋል፣ የፕሮቲኑም ቅርጽ ይላላል። ባክቴሪያዎቹ ያመረቱት ፊላግሪን ይህ ለውጥ አልደረሰበትም ነበር። ቡድኑ አርጂኒኑን በሲትሩሊን የተኩ አጫጭር ሠራሽ ሰንሰለቶች ሲያዘጋጅ፣ ከበሽተኞቹ ሴረም 76 በመቶው ያዛቸው፤ ሕመሙ ከሌለባቸው ሰዎች ሴረም ግን እጅግ ጥቂቱ ብቻ።

በ2000 ያው ቡድን ሰንሰለቱ ዞሮ እንዲገጥም በማድረግ ሲትሩሊኑ ወደ ውጭ ጎልቶ እንዲታይ አደረገ፤ ጸረ-ሲ.ሲ.ፒ የተባለውም ምርመራ የተወለደው ከዚህ ነው። ባለ ብዙ ጉድጓድ የፕላስቲክ ሳህን በዚህ ሰንሰለት ይለበዳል፤ የቀጠነ ሴረም ይጨመርበታል፤ ያልተያዘው ታጥቦ ሲወጣ፣ የቀረውን ፀረ እንግዳ አካል የሚይዝ ቀለም አውጪ ነገር ይከተላል፤ የቀለሙ ድምቀት በመሣሪያ ተነቦ ቁጥር ይሆናል። በ2007 የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና የጸረ-ሲ.ሲ.ፒ ምርመራ ከ100 በሽተኞች 67ቱን እንደሚያገኝና በሽታው ከሌለባቸው 100 ሰዎች ለ95ቱ በትክክል ኔጋቲቭ እንደሚል ሲያሳይ፣ ለሩማቶይድ ፋክተር የተገኙት ቁጥሮች 69 እና 85 ነበሩ። አዲሱ ምርመራ እንግዲህ ብዙ በሽተኛ በማግኘት ሳይሆን ጤነኛውን ባለመወንጀል በለጠ። የቱሉዙ ቡድንም በ2001 በበሽተኞች መገጣጠሚያ ሽፋን ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላቱ የሚይዙት ሲትሩሊን የገባበት ፋይብሪን መሆኑን አረጋገጠ፤ ፋይብሪን የሚሠራው ደግሞ ከፋይብሪኖጅን ነው። በቬስተርግሬን ቱቦ ውስጥ ቀይ ሴሎችን ሲያደራርብ የኖረው ፕሮቲን፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ ለመከላከያ ሥርዓቱ ዒላማ ሆኖ ተገኘ።

ሲትሩሊን ዒላማ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ቀድሞ ተለያይተው የቆዩ ግኝቶች ተያያዙ። በ1978 በአሜሪካ ፒተር ስታስትኒ በሽታው ኤች.ኤል.ኤ ከተባሉት፣ ለመከላከያ ሥርዓቱ የፕሮቲን ቁራጮችን ከሚያቀርቡ ሞለኪውሎች ከአንዱ ዓይነት ጋር መያያዙን አሳይቶ ነበር፤ በ1987 ፒተር ግሬገርሰንና ባልደረቦቹ አደጋ የሚያመጡት የተለያዩ የኤች.ኤል.ኤ ዓይነቶች አንድ አጭር የጋራ ቅርጽ እንዳላቸው ገለጹ። በ2006 በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ተቋም የላርስ ክላሬስኮግ ቡድን ሲጋራ በሚያጨሱ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ሲትሩሊን የገባባቸው ፕሮቲኖች መኖራቸውን፣ እንዲሁም ያንን የጋራ ቅርጽ ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ አጫሽ ጸረ-ሲ.ሲ.ፒ ያለበት ሩማቶይድ አርትራይተስ የመያዝ ዕድሉ፣ ቅርጹም ሲጋራውም ከሌለበት ሰው ጋር ሲነጻጸር 21 እጥፍ እንደሆነ አሳተመ። የመገጣጠሚያ በሽታ በሳንባ ሊጀምር ይችላል የሚለው ሐሳብ መሠረት ያገኘው እንዲህ ነው።

ፀረ እንግዳ አካላቱ የሚጀምሩበትን ጊዜ ለማወቅ የረዱት ደግሞ ለሌላ ዓላማ በማቀዝቀዣ የተከማቹ የደም ናሙናዎች ናቸው። በስዊድን ኡሜኦ በ2003 የታተመ ጥናት፣ ሳይታመሙ ደም ሰጥተው ኋላ በሽታው የያዛቸውን 83 ሰዎች የቀድሞ ናሙና ሲመረምር፣ ከሦስቱ አንዱ ያህል ምልክቱ ከመታየቱ ዓመታት በፊት ጸረ-ሲ.ሲ.ፒ ነበረው። በ2004 በአምስተርዳም የታተመው ጥናት ደግሞ አዘውትረው ደም ይለግሱ በነበሩ 79 በሽተኞች ላይ ተሠርቶ፣ ግማሽ ያህሉ ሩማቶይድ ፋክተር ወይም ጸረ-ሲ.ሲ.ፒ ቀድሞ እንደ ነበራቸው አገኘ፤ አንዳንዶቹም ከ13 ዓመት በላይ ተሸክመውት ኖረዋል። ከዚያ በፊት በሽታው የሚቆጠረው መገጣጠሚያ ካበጠበት ቀን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እብጠቱ የረጅም ሂደት ኋለኛ ክፍል ሆኖ ታየ።

በዚሁ ዘመን ብግነቱን የሚያቀጣጥሉትን መልእክተኞች የማወቅ ሥራም አብሮ ይካሄድ ነበር። የመከላከያ ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች ሳይቶካይን ይባላሉ። በ1989 በለንደን ማርክ ፌልድማን፣ ራቪንደር ማይኒና ባልደረቦቻቸው ከበሽተኞች መገጣጠሚያ በተወሰዱ ሴሎች ላይ ቲ.ኤን.ኤፍ የተባለውን ሳይቶካይን ሲያግዱ ሌላ ብግነት ቀስቃሽ ሳይቶካይንም አብሮ እንደሚወርድ አሳዩ፤ በ1992 በቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል የመጀመሪያዎቹ 20 በሽተኞች ቲ.ኤን.ኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ የመገጣጠሚያቸው እብጠትም ሲ.አር.ፒያቸውም ወረደ። በጃፓን ታዳሚትሱ ኪሺሞቶና ባልደረቦቹ በ1986 ዘረ-መሉን የለዩት ኢንተርሉኪን-6 በበኩሉ ጉበትን ሲ.አር.ፒና ፋይብሪኖጅን እንዲያመርት የሚያዘው ዋነኛ መልእክተኛ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱን የሚያግደው ቶሲሊዙማብም በ2008 በጃፓን ለዚህ በሽታ ተፈቀደ።

ይህ መድኃኒት አሮጌዎቹን መለኪያዎች አዲስ ፈተና ላይ ጣላቸው። ኢንተርሉኪን-6 ሲታገድ ጉበት ትእዛዙ ስለማይደርሰው ሲ.አር.ፒና ኢ.ኤስ.አር ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ይህም መገጣጠሚያው ገና ሳይረጋጋ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የከፋው ደግሞ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ከባድ ኢንፌክሽን ቢይዘው ሲ.አር.ፒው ዝቅ እንዳለ ሊቆይና ሐኪሙን ሊያዘናጋ መቻሉ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ከመጀመሪያም የጉበትን መልስ እንጂ የመገጣጠሚያውን ሁኔታ በቀጥታ እንደማይለኩ ከዚህ የበለጠ ያስረዳ ነገር የለም። የበሽታው እንቅስቃሴ መለኪያ ሆኖ በ1990ዎቹ በናይሜኸን የተዘጋጀው፣ 28 መገጣጠሚያዎች በእጅ ተዳስሰው ያበጡትና የሚያሙት የሚቆጠሩበት፣ የበሽተኛው የራሱ ግምትና ኢ.ኤስ.አር ወይም ሲ.አር.ፒ ተጨምሮ አንድ ቁጥር የሚወጣበት ስሌትም የተመሠረተው ደም ብቻውን ዳኛ እንዳይሆን በሚል አስተሳሰብ ነው።

የሁለት መቶ ዘመናት ግኝት በአንድ ሠንጠረዥ የተጠቃለለው በ2010 የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ባወጡት የመለያ መመዘኛ ነው። በ1987ቱ መመዘኛ ውስጥ ከደም ምርመራ የተካተተው ሩማቶይድ ፋክተር ብቻ ነበር፤ አዲሱ ግን ከ10 ነጥብ 6 ያገኘ ሰው በሽታው እንዳለበት የሚቆጥር ሲሆን፣ ለተያዙት መገጣጠሚያዎች ብዛት እስከ 5፣ ለሩማቶይድ ፋክተርና ለጸረ-ሲ.ሲ.ፒ እስከ 3፣ ለኢ.ኤስ.አር ወይም ለሲ.አር.ፒ 1፣ ስድስት ሳምንት ለዘለቀ ሕመም 1 ነጥብ ይሰጣል። በዚህ ስሌት ደም ብቻውን 6 ሊሞላ አይችልም፤ ቢያንስ አንድ ያበጠ መገጣጠሚያም መኖር አለበት። ሁለቱም ፀረ እንግዳ አካላት የሌሉበት፣ ነገር ግን ብዙ መገጣጠሚያው ያበጠ ሰው ደግሞ ከበሽተኞች ተራ አይወጣም።

ደም ከመገጣጠሚያ ቀድሞ የሚመሰክር ከሆነ በሽታውን ሳይነሣ ማስቀረት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄም ወደ ሕክምና ሙከራ ተሸጋገረ። በ2024 በእንግሊዝና በሆላንድ የተካሄደው ሙከራ ውጤት ሲታተም፣ ፀረ እንግዳ አካላት በደማቸው ያለባቸውና መገጣጠሚያቸው የሚያማቸው ነገር ግን ገና ያላበጠባቸው 213 ሰዎች ተካፍለውበት ነበር። ከፊሎቹ አባታሴፕት የተባለውን፣ የመከላከያ ሴሎች እንዳይቀሰቀሱ የሚያግድ መድኃኒት ለ52 ሳምንታት ሲወስዱ ሌሎቹ መድኃኒትነት የሌለው መርፌ ወሰዱ። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ በሽታው የያዛቸው ከመድኃኒቱ ወገን 6 በመቶ፣ ከሌላው ወገን 29 በመቶ ነበሩ፤ መድኃኒቱ ከቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠብቦ 25 በመቶና 37 በመቶ ሆነ። መድኃኒቱ በሽታውን አዘገየው፣ ለብዙዎቹ ግን አላስቀረውም።

ከዚሁ ውጤት መድኃኒት ያልወሰደው ወገን የሚናገረው የተለየ ቁም ነገር አለ። ፀረ እንግዳ አካላቱም ሕመሙም ካለባቸው ከእነዚህ ሰዎች መካከል ከስድሳ በመቶ የሚበልጡት በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው አልያዛቸውም። እነዚህን ሁሉ ኢንፌክሽን የመከላከል ኃይልን በሚቀንስ መድኃኒት ማከም ብዙ ሰዎችን ለማይመጣ በሽታ ማከም ይሆናል፤ ሁሉንም ትቶ መጠበቅም የቀሩትን መገጣጠሚያቸው እስኪጎዳ ማቆየት ነው። ጋሮድ በክር የጀመረው ደምን የመጠየቅ ሥራ በሽታውን ከሪህ ለይቶ፣ ብግነቱን ለክቶ፣ ዒላማውን አውቆ፣ መነሻውንም ከምልክቱ ዓመታት ወደ ኋላ ወስዶታል፤ ተመራማሪዎች አሁን የሚፈልጉት ምልክት ደሙ ፖዘቲቭ ከሆነው ሰው መካከል የሚታመመውን ከማይታመመው የሚለየውን ነው።